ክርክር፦ ዳይፐሩን ማን ይጥለዋል፣ ጨርቁን ማን ያጥበዋል?

አንዲት ጓደኛችን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሰሞኑን ልትገዛ ያሰበችውን ዝርዝር አሳየችን። “ኦርጋኒክ” የተባለ የአራስ ልብስ፣ “የቀርከሃ” የሽንት ጨርቅ፣ ለሆዷ የሚቀባ “ተፈጥሯዊ” ዘይት፣ ደግሞ ሦስት ካርቶን ዳይፐር። ጨርቁና ዳይፐሩ እንዴት አንድ ወረቀት ላይ እንደተገናኙ ስንጠይቃት “ለአካባቢም ለልጁም ጥሩ ነው ያሉኝን ሁሉ ጻፍኩ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ” አለች። ሁለት የወለዱ ጓደኞቿ እዚያው ተያያዙ። ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶም ስላልተስማሙ በጽሑፍ እንዲቀጥሉ ጠየቅናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት።

የናቲ እናት፦

እኔ ነገር አላበዛም፣ ዳይፐሩ ከዝርዝሩ ይውጣ። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ልጅ በቀን ስድስት ዳይፐር ይቀይራል እንበል፤ አራስ እያለማ ከዚያም ይበልጣል። በሁለት ዓመት ከ4,300 ያልፋል። አንድ ልጅ ብቻ!

አንድ ቀን ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት አንዱን በመቀስ ቀደድኩት። ላዩና ታቹ ስስ ፕላስቲክ ነው። መሃሉ ላይ ከእንጨት የተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት። ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ደፋሁበት፤ ጠጥቶ ጠጥቶ አብጦ እንደ ጄሎ ረጋ። ለልጁ መርዝ ነው አልልም፣ አይደለም። ግን ፕላስቲኩ አይበሰብስም። ናቲ በዚህ ቢያድግ ኖሮ ዳይፐሮቹ የልጅ ልጁን ያዩ ነበር።

ደግሞስ የት ነው የሚሄደው? በየሰፈሩ ጋሪ እየገፉ በር የሚያንኳኩት ልጆች ይወስዱታል፣ ከዚያ ገንዳ፣ ከዚያ ቆሼ። ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምን እንደሆነ የረሳ የለም፤ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ነው የጨረሰው። ዳይፐር ናደው አላልኩም። እኛ ጣልነው ብለን የምንረሳው ነገር ግን የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ እየተከመረ ነው።

እናቶቻችን ምን ነበራቸው? ያረጀ ነጠላ፣ አቡጀዲ፣ መርፌ ቁልፍ። አሮጌ ነጠላ እኮ ሃያ ዓመት የታጠበ ነው፣ እንደሱ የለሰለሰ ጨርቅ የትም ሱቅ አይገኝም። እኔ የእናቴን ሁለት ነጠላና አንድ ትልቅ ፎጣ ቀድጄ 24 ጨርቅ አወጣሁ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዳር ዳሩን ዘመዘመልኝ። ለናቲ በቃ፤ ለታናሽ እህቱም በቃ።

የቤቲ እናት፦

የኔ እህት፣ ያጠበውስ ማነው? እሱን አልጻፍሽውም።

ናቲ ሲወለድ እናትሽ ከደብረ ብርሃን መጥተው ስንት ወር ነው የተቀመጡት? ቤት ውስጥም ሠራተኛ ነበረች። አራስ ጥየቃ መጥቼ ገንፎ ስበላ ያየሁትን ልናገር፤ ጓሮ ሁለት ሳፋ ነበር፣ አንዱ የሚዘፈዘፍበት አንዱ የሚለቀለቅበት፣ ልጅቷ ጎንበስ እንዳለች መጥቼ ጎንበስ እንዳለች ሄድኩ። በረኪናው ጣቶቿን ልጧቸው ነበር። አንቺ “ለአካባቢ ጥሩ ነው” ስትዪ የሷ እጅ ከአካባቢው አይቆጠርም?

እኔ ቤቲን የወለድኩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት፣ እሱም ግፊቱ ሦስተኛ ፎቅ ከደረሰ። ጄሪካን ተሸክሞ ለሚያወጣልን ልጅ በጄሪካን እንከፍል ነበር። የአንድ ቀን ጨርቅ ለማጠብ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጄሪካን ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ዘጠናው ቀን አልቆ ቢሮ ስመለስ፣ ማታ በታክሲ ሰልፍ ደክሜ ገብቼ የተዘፈዘፈ ጨርቅ ይጠብቀኝ? ይቅርብኝ።

ቁጥር ከተፈለገ ደግሞ እኔም አለኝ። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በነሱ አቆጣጠር በ2008 ባወጣው ጥናት አንድ ልጅ ለሁለት ዓመት ተኩል በዳይፐር ሲያድግና በጨርቅ ሲያድግ የሚወጣውን የካርበን ልቀት አነጻጽሮት ነበር። ዳይፐሩ 550 ኪሎ ገደማ፣ ጨርቁ 570 ገደማ። ጨርቁ በለጠ! ውሃ ማፍላቱ፣ ማጠቡ፣ ማድረቁ ሁሉ ኃይል ይበላላ።

የናቲ እናት፦

ታዲያ እስከ መጨረሻው አንብቢው እንጂ። እዚያው ጥናት ላይ ማሽኑን ሞልቶ ማጠብ፣ ውጭ ማስጣት፣ ጨርቁን ለሁለተኛ ልጅ መጠቀም ተደምረው ልቀቱን 40 በመቶ ገደማ ይቀንሱታል ይላል። በ2023 የወጣው የመንግሥታቸው አዲስ ጥናትማ ጨርቅ ከዳይፐር በ25 በመቶ ያነሰ ልቀት አለው ብሎ ነው የደመደመው። ጨርቁን እዚያ ያስወቀሰው ማጠቢያውና ማድረቂያው ማሽን የሚበላው መብራት ነው። እኛ ጋ ማድረቂያ ያለው ማነው? ገመድ ነው፣ ፀሐይ ነው። መብራቱም ቢሆን አብዛኛው ከግድብ ነው የሚመጣው።

የልጅቷ እጅ ግን… እሱ ላይ ያዝሽኝ። እውነትሽን ነው። በረኪናውን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ንጹሕ የሚሆን መስሎኝ። በደንብ ካልተለቀለቀ የልጁንም መቀመጫ እንደሚያቃጥል በኋላ ነው የተረዳሁት። ለሁለተኛዋ ልጅ በረኪና አልገባም፣ ሠራተኛዋም አልነካችውም፤ ያጠበው አባትየው ነው። “የናቲ አባት የሽንት ጨርቅ ሲያሰጣ ታየ” ተብሎ ግቢው ለአንድ ሳምንት ወሬ አገኘ። አሠራሩ ደግሞ የምታስፈራሪውን ያህል አይደለም፤ ካካው እዚያው ሽንት ቤት ይራገፋል፣ ጨርቁ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ሳይዘፈዘፍ በደረቁ ይጠራቀማል፣ በሁለት ቀን አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቅና በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። ማለስለሻ የለም፤ ጨርቁ ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ዳይፐሩን ቋጥረሽ የምታወጪውን ፌስታል የሚያነሳው ልጅስ እጅ የለውም? ፕላስቲክ ለመልቀም ፌስታሉን ሲፈታው አይቼዋለሁ፣ ያለ ጓንት። ዳይፐርም ቢሆን ካካው መጀመሪያ ሽንት ቤት መራገፍ አለበት። አንቺ ታራግፊያለሽ?

የቤቲ እናት፦

አላራግፍም። ማንም አያራግፍም። ከአሁን በኋላ ልሞክር እንግዲህ።

የማልቀይረው አንድ ነገር አለ፣ እሱም የሌሊቱ ነው። ቤቲን አንድ ሳምንት በጨርቅ ሞክሬያት ነበር፣ ከምቀኝነት እንዳይደለ እንድታውቂ። በአራተኛው ቀን መቀመጫዋ ቀላ፣ በስድስተኛው ተላጠ። ጨርቅ እርጥበቱን ከቆዳ ላይ አያነሳም፤ ያ የቀደድሽው ነጭ ዱቄት ግን ሥራው እሱ ነው። ጨርቅ ከሆነ በሁለት በሦስት ሰዓት መቀየር አለበት፣ ሌሊትም። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የምትነሳ እናት ጠዋት ለማን ትሆናለች? የእናትየው እንቅልፍስ ጤና አይደለም?

ይልቅ ዝርዝሩ ላይ የምር ያናደደኝ የቀርከሃው ነው። ስሙን ስሰማ የዶርዜ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ። ግን ቀርከሃ ተብሎ የሚሸጠው ልስልስ ጨርቅ አብዛኛው ቪስኮስ ነው። ቀርከሃው ካርበን ዳይሰልፋይድ በሚባል የፋብሪካ ሠራተኛን በሚጎዳ ኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ። በ2022 ዎልማርትና ኮልስ የተባሉት የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ቪስኮሱን “ቀርከሃ፣ ለአካባቢ ተስማሚ” ብለው ሸጠዋል ተብለው በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ተከሰው በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። እዚያ ያሉት እንዲህ ከሆኑ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ የቅጠል ሥዕል ለጥፎ እጥፍ ዋጋ የሚጠራሽን ማን ይጠይቀዋል?

የናቲ እናት፦

በቀርከሃው አልከራከርሽም። ግን ሁሉንም ምልክት አንድ ላይ አትጣይ። ጎትስ የሚባለው የጨርቅ ማረጋገጫ “ኦርጋኒክ” ለማለት ቢያንስ 95 በመቶው ክር ኦርጋኒክ መሆን አለበት ይላል፤ “ኦርጋኒክ ያለበት” ለማለት 70 በመቶ። ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100 የሚባለው ምልክት ሌላ ነው፣ እሱ ጨርቁ ላይ ጎጂ ኬሚካል ቀርቷል ወይ ብሎ ይመረምራል እንጂ ጥጡ እንዴት እንደበቀለ አያገባውም። ሻጭ ሁለቱን ሲያምታታቸው ሰምቼ ያውቃል።

እኛስ ብንሆን ጥጥ አጥተን ነው? በአርባ ምንጭ ዙሪያ ፓን ኢትዮጵያ በሚባል ፀረ ተባይ ኬሚካልን ለመቀነስ በሚሠራ ድርጅት ሠልጥነው ያለ ኬሚካል ጥጥ የሚያመርቱ፣ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ያገኙ ገበሬዎች አሉ። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ሸማኔውን ጠይቁት፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ በእጅ የተፈተለ ያገኝላችኋል። ለሕፃን ከሆነ ጥለት የሌለው፣ ቀለም ያልነካው፣ ነጭ። በነጭ ላይ የሚጥመኝ ሌላም ነገር ካካው ወዲያው መታየቱ ነው።

የቤቲ እናት፦

ሸማኔ ጋ አዘሽ፣ ጠብቀሽ፣ ከፍለሽ፣ ልጁ በሁለት ወሩ ይበልጠዋል። አራስ እኮ ለልብስ አይቆይም! ከሁሉም የሚሻለው ልብስ የተለበሰ ልብስ ነው። ደጋግሞ ስለታጠበ ለስልሷል፣ ከፋብሪካ የወጣበት ኬሚካልም ታጥቦ ወጥቷል፣ እሱን ለማምረት ሌላ ጥጥ ላይ ሌላ ውሃ አይፈስም። ሰልቫጅ ግዢ አላልኩም፣ ሰልቫጅ ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። የእህትሽን ልጅ፣ የጎረቤትሽን ልጅ ነው የምልሽ።

የነፍሰ ጡር ልብስም እንደዚያው ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ቡኒ ሻንጣ አለች። ውስጧ ሁለት ሰፊ ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ ሰፊ ላስቲክ የገባበት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ። ያረገዘች ትወስዳለች፣ ስትወልድ አጥባ ትመልሳለች። እኔ አራተኛዋ ነበርኩ። ሰማያዊው ቀሚስ ጉልበቱ ላይ የፍም ጠባሳ አለው፣ ቡና ስታፈላ ያቃጠለችውን ሁላችንም እናውቃታለን፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ አላመነችም።

የናቲ እናት፦

ሻንጣዋን ወድጃታለሁ። ለጓደኛችን ትምጣላት።

ስለ ዘይቱ ሁለታችንም ዝም አልን እንጂ እሱም ይውጣ። የሆድ ሸንተረር እንደሚከላከል የተረጋገጠ ቅባት የለም። ማሳከኩን ካስታገሰላት ሽታ የሌለው ተራ ቅባት ይበቃታል። ለአራሱም ገና ሲወለድ የሚሮጥለት “ተፈጥሯዊ” ሻምፑ አያስፈልገውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት 24 ሰዓት ሳይሞላው አትጠቡት ይላል፣ ላዩ ላይ ያለው ነጭ ቅባት የራሱ ነው። ቅቤ አቅምሱት የምትል አክስት ከመጣች ደግሞ በክብር ገንፎው ላይ አድርጉላት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ።

የቤቲ እናት፦

ዘይቱም ይውጣ፣ ቀርከሃውም ይውጣ። ከዳይፐሩ ግን ሦስቱ ካርቶን አንድ ይሁን እንጂ ዜሮ አይሆንም። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ዳይፐር። ለመሆኑ አምና ክረምት ልጅቷን ይዘሽ በአውቶብስ ጎንደር ስትሄጂ ምን ነበር ያደረግሽላት? አሁን እዚህ ጻፊው።

የናቲ እናት፦

ዳይፐር። ምን ላድርግ፣ አባይ በረሃ ላይ ሳፋ ላስቀምጥ? አምስት ነው የጨረሰችው። መንገድ ላይ መጣል ነውር ሆኖብኝ አምስቱንም በፌስታል ቋጥሬ ጎንደር ድረስ ይዤው ገባሁ። አክስቴ መናኸሪያ ልትቀበለኝ መጥታ የመጀመሪያ የተቀበለችኝ እሱን ፌስታል ነው፣ “ምን ልትሆኚ ይህን ሁሉ ይዘሽ መጣሽ” እያለች።