አዳራሹ የሚስቀው በማን ላይ ነው?

የአዲስ አበባ ኮሜዲ ቲያትር የከተማዋን በደልና መከፋፈል ያጋልጣል ወይስ ያስተነፍሳል? አንድ የቲያትር መምህርና አንዲት ተዋናይት በዚህ ጥያቄ ላይ በጽሑፍ ተመላልሰዋል። ተዋናይቷ ቀድሞ የመምህሩ ተማሪ ነበረች።

መምህሩ፦

ኮሜዲ አዳራሽ እንደሚሞላ የሚክድ የለም። ሐዘን የተጫነው ቲያትር በጥቂት ሳምንታት ከመድረክ ሲወርድ ኮሜዲው ዓመት ይደፍናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ አዳራሹ የሚስቀው በማን ላይ ነው? መጋረጃው ሲገለጥ ያ የማይቀረው ሶፋ መካከል ላይ አለ። ባለቤቶቹ ተቀምጠዋል። የቤት ሠራተኛዋ ከጓዳ ብቅ ስትል፣ ገና አንድ ቃል ሳይወጣት፣ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ምን ቀልድ ተናገረች? ምንም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች፣ አረማመዷ ይደነቃቀፋል፣ አፏን ስትከፍት ከየት እንደመጣች ዘዬዋ ያሳብቅባታል፤ በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው። ቀጥሎ ዘበኛው ካፖርቱ መሬት እየጠረገ ይገባል። ሁለቱ ምስኪኖች አዳራሹን ሲያስቁ ያመሻሉ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ግን እንደ ሰው ይናገራል፣ እንደ ሰው ይከበራል።

የአከራይና ተከራይ ኮሜዲያችንንም ተመልከቺ። አከራይዋ አምፖል ትቆጥራለች፣ ውኃ የሚቀዳበትን ሰዓት ትወስናለች፣ እንግዳ እንዳይመጣ ትከለክላለች። ከተመልካቹ ብዙው ተከራይ ነውና የራሱን ኑሮ አይቶ ከልቡ ይስቃል። ኪራዩ ለምን እንደሚያሻቅብ፣ ለኮንዶሚኒየም ሲቆጥብ የኖረ ሰው እጣ ሲጠብቅ ፀጉሩ ለምን እንደሸበተ ግን የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ የለም። ጥፋቱ ሁሉ የአንዲት ሴት ንፉግነት ሆኖ ያርፋል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ይገባል፣ የአከራይዋ ልጅ ተከራይዋን ያገባል፣ እልልታ፣ መጋረጃ። በደሉ ሳይዳኝ ታረቀ። ተመልካቹም ቀለል ብሎት ወደ ታክሲው ሰልፍ ያመራል።

ተዋናይቷ፦

መምህር፣ ሳቅ ይህን ያህል ገራም ከሆነ ባለሥልጣን ለምን ይፈራዋል? ክፍል ውስጥ ያስተማሩንን ልመልስልዎ። የዘመናዊ ቲያትራችን በኩር ኮሜዲ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1910ዎቹ፣ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው እዚሁ አዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። አውሬዎቹ የማንንም ስም አልጠሩም፤ ያም ሆኖ በተረቱ ውስጥ ራሱን ያላየ ሹም አልነበረም። ንግሥት ዘውዲቱ ቲያትሩን አገዱት። መድረኩ እንደገና የተነቃቃው ኃይለ ሥላሴ በ1923 ከነገሡ በኋላ ነው። በተረት ለተሸፈነ ቀልድ ይህን ያህል ዝምታ!

መንግሥቱ ለማስ? የቅኔ ሊቅ ልጅ ናቸው፣ ለንደን ተምረዋል፣ ሁለቱን አዋሕደው በ1950ዎቹ «ያላቻ ጋብቻ»ን ጻፉ። ውጭ አገር የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሣል። እዚያ ላይ የሚያስቀው የሠራተኛዋ አነጋገር አይደለም፤ አጥንት የሚቆጥረው ዘመድ ነው። ያ የተጻፈው መሬቱም ሹመቱም በአጥንት ቆጣሪዎቹ እጅ በነበረበት ዘመን ነው።

ስለ ዘዬው ደግሞ ከራሴ ልንገርዎ። የቤት ሠራተኛ ሆኜ የተወንሁበት አንድ ኮሜዲ ነበር፤ ጽሑፉ ላይ ዘዬው ከነሙሉ ትብትቡ ተጽፎ መጣልኝ። በልምምድ ላይ ከአዘጋጁ ጋር ተሟግተን አወጣነውና እንደ ማንኛውም የከተማ ሰው ተናገርሁ። አንድ ትዕይንት ላይ እመቤቲቱ የስኳሩን ቆርቆሮ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች፤ ከዚያ ሞሰቡን ከፍታ እንጀራውን በጣቷ ጫፍ እያነሣች ትቆጥራለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ድምፅ ሳላሰማ በከንፈሬ አብሬያት እቆጥራለሁ። ስትሳሳት፣ በትሕትና፣ «ሰባት ነው እትዬ፤ ስምንተኛውን ጋሼ ሌሊት ተነሥተው በልተውታል» እላታለሁ። ሳቁ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበሮች ይነሣል፣ የፊተኛው ረድፍ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይደርስም፤ እዚያ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን ሲያስተካክሉ አያለሁ። ቀልዱ ያው ነበር፣ የተቀየረው አቅጣጫው ብቻ ነው። እና ጥፋቱ የኮሜዲ ነው ወይስ ዘዬ ጽፎ የሚሰጠን የሰነፍ ደራሲ?

መምህሩ፦

ማስረጃሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለእኔ ይመሰክራል። ያ የአውሬዎች ቲያትር የነከሰው ተነካሹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለነበር ነው። ዛሬ ቦታ የሚያድለው፣ ቤት የሚያፈርሰው፣ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ የሚያሳድረው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ የለም። ሠራተኛዋም የለችም፤ ቡና እያፈላች ነው። በአዳራሹ ያለው ከሁለቱ መካከል ያለው ሰው ነው፤ ወደ ላይ ሲስቅ ፈራ ተባ ይላል፣ ወደ ታች ሲስቅ ይዝናናል። የመንግሥቱ ለማም ሠራተኛ ብትሆን ከፍ የምትለው ጌታው ስለወደዳት ነው። ባይወዳትስ? ጓዳ እንደሆነች ትቀር ነበር፣ ቲያትርም አይጻፍላትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘመናችን ሕዝብ ከተሻማባቸው ሥራዎች አንዱ በረከት በላይነህ የጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚተውነው «እያዩ ፈንገስ» ነው። ብርቱ ሥራ ነው፤ እኔም ስቄያለሁ፣ አልፎ አልፎም ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። ግን እውነቱን የሚናገረው ማን ነው? እብድ። በዱሮው ዘመን አዝማሪ ነበር፣ እረኛ ነበር፤ አሁን እብድ ሆነ። ይህች ከተማ እውነት የምትሰማው ሙሉ ሰው ነው ብላ ካልቆጠረችው አፍ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሰጠነው ስለናቅነው ነው። ይህን ድል ትይዋለሽ?

ተዋናይቷ፦

አዎን፣ እለዋለሁ! አንድ ተዋናይ ያለ ሶፋ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ሠርግ ያን ሁሉ ሰው ይዞ ካመሸ የእርስዎ የመጀመሪያ ክስ ግማሹ ፈርሷል። ተመልካቹም ሰውየው እብድ እንዳልሆነ ያውቃል። እብደቱ የተበጀው ለሰሚው ነው፤ የሳቀ ሰው ወጥቶ «የእብድ ወሬ ነው» ብሎ የሚሸሸግበት ጥግ እንዲያገኝ። ሰምና ወርቅ ያስተማረን ሕዝብ ይህን ማስረዳት ያስፈልገዋል?

ይልቅ ያልነኩትን ላንሣ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ድሮ የአንዱን ብሔረሰብ አነጋገር አስመስሎ መቀለድ የተለመደ ነበር፣ ሁሉም አብሮ ይስቅ ነበር ይባላል። አብሮ መሳቁን እኔ እጠራጠራለሁ፤ የተቀለደበት ሰው ጥርሱን እንጂ ልቡን አልሰጠም ይሆናል። ዛሬ ከመድረክ ሆኜ የማየው ግን ሌላ ነው። ጫፉ ፖለቲካን ወይም ብሔርን የሚነካ ቃል ስናገር ተመልካቹ ከመሳቁ በፊት ግራና ቀኙን ያያል። አጠገቤ ያለው ማን ነው? ቀድሞ ይስቃል ወይስ ፊቱን ያጠቁራል? ያቺ ግማሽ ሰከንድ የከተማዋን መከፋፈል ከየትኛውም ስብሰባ ይልቅ ታሳያለች። ሐዘን የተጫነው ቲያትር ይህችን ሰከንድ አይፈጥራትም፤ ሰው በጨለማ ብቻውን ያለቅሳልና። ሳቅ ግን ይሰማል፣ ማን እንደሳቀና ማን እንደዘጋ ይታወቃል። ስለዚህ ከመከፋፈሉ የምንሸሽ ከሆነ ኮሜዲን እንተው፤ ልንገባበት ከሆነ ግን ሌላ በር አላውቅም።

መምህሩ፦

ስለ ግማሽ ሰከንዷ ያልሽው ይበል ያሰኛል። ግን ሰዉ ግራና ቀኙን አይቶ መሳቁን ሲተውስ? ሰው መሳቅን ፈራ ማለት ነው፣ እናንተም በሚቀጥለው ሳምንት ያቺን መስመር ትቆርጧታላችሁ። አይቻለሁ። አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን ለወራት ሲታይ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጥርሱ ይወልቃል። ገምጋሚ ኮሚቴ ሳይነካው እናንተው ራሳችሁ ታለሰልሱታላችሁ።

ከልብሽ ከሆነ ከአዳራሹ አውጪው። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የተነሡት ሰዎች አዲስ ሰፈር ገብተዋል፤ ዕድር ተበትኗል፣ ጎረቤት ተለያይቷል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጄሪካን ከሚደረደርበት ቦታ ላይ ተውኚው። ሠራተኛዋም አከራይዋም ከበረንዳ ያዩሻል። እዚያ በማን ላይ እንደሚሳቅ እንይ።

ተዋናይቷ፦

እስማማለሁ፣ ሶፋውንም መሸከም አይኖርብንም። ጽሑፉ ግማሹ ተጽፏል፤ ቤቷ የሚፈርስባት አንዲት አሮጊትና ካሳዋን የሚያሰላ አንድ ወጣት የክፍለ ከተማ ባለሙያ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ መንደር ያደጉ። ግቢ ውስጥ ለማሳየት ግን ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለፈቃዱ የተገመገመ ጽሑፍ ይቀርባል። እርስዎ ደግሞ፣ መምህር፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነዎት። ገጽ 14 ላይ አሮጊቷ ልጁን «ያኔ ካልሲህን ያጠብሁልህ እኔ ነኝ፣ አሁን ደጄን በሜትር ትለካለህ?» ትለዋለች። ይህን ያሳልፉታል?

መምህሩ፦

ካልሲውን አሳልፋለሁ። ሜትሩ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር እንጣላለን፤ ጽሑፉን ላኪልኝ።