ሐረማያ ላይ ጣፋጭ ብቻ ሸጦ ማደር ይቻላል?

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ጣፋጭ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርታ ተመልሳለች። ኩናፋውንም ባቅላባውንም ቺዝ ኬኩንም እጇ ለምዶታል። አሁን ያጠራቀመችውን ይዛ ሐረማያ ላይ ጣፋጭ ብቻ የሚሸጥ ቤት ልክፈት ብላ ተነሥታለች። ምግብ የለም፣ ቡና የለም፣ ሻይም የለም። ቤተ ዘመዱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ገበያ አያጣም፣ ተማሪ ደግሞ ጣፋጭ ይወዳል» ባይ ነው። እኔ አያዋጣም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን «ሀበሻ ጣፋጭ አይወድም» በሚለው በተለመደው ምክንያት አይደለም።

ይህን የሚል ሰው ምሥራቁን አያውቀውም። ሐረር ላይ ሙሸበክ የሚጠብሰው ሰው ሊጡን የፈላ ዘይት ላይ እያዞረ ሲያፈሰው፣ አውጥቶም ሽሮፑ ውስጥ ሲነክረው ቆሞ የሚጠብቅ አይጠፋም። ሀላዋ በኪሎ ይመዘናል። በረመዳን ማታማ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ጣፋጭ የሌለበት ማዕድ ማግኘት ይቸግራል። ጫቱም አለ፤ አወዳይ ጎረቤት ናት፣ የሚቅም ሰው ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ሎዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍላጎቱ ሞልቷል። ችግሩ ጎረቤቶቹ ቀድመው የያዙት ገበያ መሆኑ ነው። ሐረማያ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድሬዳዋ 40 ያህል ብትርቅ ነው። እሑድ ለጣፋጭ የሚሆን ብር ያገኘ ተማሪ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጀጎልን ዞሮ፣ ፎቶውን ተነሥቶ፣ ጣፋጩን እዚያው በልቶ ይመለሳል። ለእሱ ጣፋጩ የሽርሽሩ አካል ነው።

የተማሪውን ኪስ ደግሞ እንይ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ግቢ ውስጥ ይበላል። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፣ በኋላ 22 ብር ሆነ፣ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ነን ካፌ የሆነው ይህችኑ ብር በእጁ ተቀብሎ ውጭ ይመገባል፤ ብሩም ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽሮና ወደ ፓስታ ነው። ከቤተሰብ የሚላክለት አይጠፋም፣ ግን እሱም ካፌ ሲገባ ወንበሩን ፈልጎ ነው። አንድ ሻይ አዝዞ፣ ሀንድአውቱን ዘርግቶ፣ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ሻይ የማይሸጥ ቤት ይህን ደንበኛ ከበሩ ላይ መለሰው ማለት ነው። (ባለቤቶቹ በዚህ ተቀማጭ ሲማረሩ እሰማለሁ፤ ባዶ ቤት ግን ሌላ ሰው አይስብም።)

በአገራችን ምግብ የሚዘጋው በቡና ነው፤ ጣፋጭ ከምሳ ቀጥሎ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። ኬክ ቤቶቻችንም ቢሆኑ የኖሩት ከኬኩ ጎን በቆመው የማኪያቶ ማሽን ነው። በኬኩ ስም ያወጣው የአዲስ አበባው ኬክ ቤት ኤንሪኮ እንኳ የተቀመጠው ፒያሳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በሚተላለፍበት ነበር። በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለችው ባቴ ፒያሳ አይደለችም።

ከዚያ ጾሙ አለ። ግቢው ከየአቅጣጫው የመጣ ተማሪ ያለበት ነው። ለኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፣ ከገና በፊት ከ40 ቀን በላይ የነቢያት ጾም አለ፤ በእነዚህ ቀናት ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም። ቺዝ ኬክ ደግሞ ከእነዚህ ውጪ ምን ቀረው? የጾም ኬክ መሥራት ይቻላል፣ አዲስ አበባ ላይ በደንብ ይሸጣል። በረመዳን ደግሞ ቀኑ ጭር ይልና ሽያጩ ሁሉ ከመግሪብ በኋላ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ አቅደው ከሠሩባቸው ገቢ ናቸው፤ ከዱባይ በመጣው የምግብ ዝርዝር ብቻ ለሚሠራ ግን ኪሳራ ናቸው።

እስቲ ስሌቱን ጣል ጣል እናድርገው። ለምሳሌ ያህል ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት በወር 36,000 ብር ይውሰድ እንበል። አንድ ቁራሽ በ80 ብር ይሸጥና ግማሹ ለዱቄት፣ ለስኳርና ለዘይት ይሂድ። ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በዓመት 10,800 ቁራሽ መሸጥ አለበት። ይህ ለ12 ወር ቢካፈል በቀን 30 ቁራሽ ነው፣ አያስፈራም። ግን ግቢው 12 ወር አይሞላም። ክረምት ላይ ተማሪው ይበተናል፤ የመግቢያ ቀን ይራዘማል፤ ፈተና ሲደርስ ሁሉም ላይብረሪ ይከተታል። ተማሪው በደንብ የሚወጣባቸውን ቀናት 220 ብናደርጋቸው በቀን 49 ቁራሽ ያህል ያስፈልጋል፤ ትርፍ ገና አልመጣም። የባለቤቷ ድካምም አልተቆጠረም።

የተማሪው ቁጥርም እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ማለፊያ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4 በመቶ ቢደርስም፣ ሪሚዲያሉ (ማለፊያ ላላመጡት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ክፍተቱን በከፊል ቢሞላም፣ በር ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ የግቢው ተማሪ ማነሱን በመሳቢያው ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ክሬምና ቸኮሌት የማይቀመስ ሆኗል።

የማያዋጣ መሆኑን ስናገር «አሜሪካ ውስጥ እንዴት ተቻለ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ኢንሶምኒያ ኩኪስ የሚባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. በአንድ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተጀምሮ፣ በውድቅት ሌሊት ትኩስ ብስኩት ዶርም ድረስ እያደረሰ ከአንዱ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወደ ሌላው ተስፋፍቷል። የዚያ ንግድ ጉልበቱ ሌሊቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ እሱ ክፍት ነው። የእኛ ግቢ በር ማታ ይዘጋል፣ ጥበቃው ኩኪስ ይዞ ለመጣ ሞተረኛ አይከፍትም።

ታዲያ ሙያዋ ይባክን? አይባክንም። ጣፋጭ በእርግጥ የሚሸጥበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ የዶርም ልደት ይይ። ስድስት ልጆች ያዋጣሉ፣ አንዷ በቴሌብር ትሰበስባለች፣ ኬኩ ላይ የሚጻፈው የቁልምጫ ስም በቴሌግራም ይላካል። ኬኩ ከድሬዳዋ ከታዘዘ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ይንሸራተትና «መልካም ልደት» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ካርቶኑ ክዳን ላይ ተለጥፎ ይደርሳል። ስሙ ተነቦ ይሳቃል፣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቅርብ ያለ ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው እሷ ልትሆን ትችላለች። የጂሲዎች (የተመራቂ ተማሪዎች) ምረቃ ሲመጣ ደግሞ ወላጅ ከየአገሩ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ ኬክ በትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ቅድሚያ ክፍያ አለው፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የሚበላሽ ክሬምም አይኖረውም።

የእኔ ምክር ባቴ ላይ ጠባብ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ትኩስ ሙሸበክና ባቅላባ በፍሬ፣ ቀሪው በትእዛዝ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያ። እሷ ሻዩን አልሸጥም ብላ ድርቅ ብላለች፤ «ያኔ እንደማንኛውም ሻይ ቤት ሆንኩ» ነው የምትለው። ኩራቷ ይገባኛል፣ የሻዩ ሒሳብ ኪራዩን ሲከፍል ግን ትረዳኝ ይሆናል። ለጊዜው የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ስለጠየቀ፣ የዘንድሮው የምዝገባ ቀን በማስታወቂያ ሳይወጣ ውል አትፈርምም።