ቴሌግራም የፌስቡክ ጓደኞቻችሁን አያመጣላችሁም

እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ሰሞኑን "ፌስቡክን አጥፍታችሁ ቴሌግራም ስትከፍቱ ጓደኞቻችሁ ራሳቸው ይመጣሉ" የሚል ነገር እየተዛመተ ነው። ወገን፣ እንደዛ አይደለም። ቴሌግራም በራሱ የሚያሳያችሁ ቁጥራቸውን ስልካችሁ ላይ የመዘገባችኋቸውንና እነሱም ቴሌግራም ያላቸውን ሰዎች ነው፤ የፌስቡክ ጓደኞቻችሁን ዝርዝር አያውቀውም። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቁጥሩን ያልያዛችሁትን አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛ ቴሌግራም ኮንታክት ውስጥ ፈልጉት። የለም። ስለዚህ መጀመሪያ በሜሴንጀር ቁጥር ተቀባበሉ፣ ከዛ ዝጉ (ከመሃል ከተማ ወደዚህ ስንመጣ የስንቱ ጎረቤት ቁጥር እንደጠፋብን እናውቃለን አይደል)። ቸኩሎ ያጠፋ ካለ 30 ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ከገባ ስረዛውን ማስቆም ይችላል፣ ካለፈ ግን አካውንቱም የጓደኞቹ ዝርዝርም አይመለስም።