ጋቢ የደረበ ጀግና

የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ሕግ ከሄድን ባሕር ዳር አትሞቅም። ሚያዝያ ላይ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፎ፣ ያገኘነውን ካርቶን እያራገብን «ዘንድሮስ ጉድ ነው» እንላለን። የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ግን ከ38 ዲግሪ በታች ያለውን ከባድ ሙቀት ብሎ አይቆጥረውም። እኛ ደግሞ በሞቃቶቹ ወራት እንኳ ብዙውን ቀን የምንውለው ሰላሳ ዲግሪ ግድም ነው። ያ ሁሉ ላብ እንዲሁ ፈሰሰ ማለት ነው።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ጀግና ይሆናሉ። ነገር ሲከብድ ሃያ ፊት ያላት ዳይስ ትጣላለች። የእኛ ቤት መሪ የእህቴ ልጅ ነው። ጓደኞቹን ሰብስቦ አባይ በረሃ አወረዳቸው። ጥሩ መረጠ። ደጀን ላይ ብርድ ይዞህ ተነስተህ፣ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደህ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆዳህንም ብታወልቅ ደስ ይልሃል።

ልጆቹ የያዙት እ.ኤ.አ. የ2014ቱን እትም ነው። በዚያ ሙቀት የሚጠጣ ውሃ ያላገኘ ጀግና በየሰዓቱ መጨረሻ ዳይስ ይጥላል። በመጀመሪያው ሰዓት ከጽናት ነጥቡ ጋር ተደምሮ 5 ከሞላ ያልፋል። በሚቀጥለው 6፣ ከዚያ 7 እያለ ይከብዳል። ያልሞላለት አንድ ደረጃ ይዝላል። ስድስተኛው ደረጃ ሞት ነው። ከባድ ልብስ የለበሰ ደግሞ ሁለቴ ይጥልና ትንሿ ትያዝበታለች።

ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

«ጋቢህን አውልቅ» አለ መሪው።

«አላወልቅም።»

«አራት እጥፍ ነው እኮ! ሁለቴ ነው የምትጥለው።»

«ልጣል! ላብ ላይ ንፋስ ቢመታኝስ?»

እኔ ለባለ ጋቢው ፈረድኩ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አባይ በረሃን በአውቶቡስ አላቋረጡም። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ይቀቀላል። አንድ ምስኪን ሁለት ጣት ታህል መስኮት ይከፍታል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ መስኮት!» ይባላል። የጮኹት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሙቀቱ የእግዜር ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። ንፋስ ግን የከፈተ ሰው አለው።

ስለ ድካሙ ደረጃዎች ግን መጽሐፉን ማመስገን አለብኝ። ጸሐፊዎቹ ሳያውቁት የሚያዝያን ሚዜ አንድ በአንድ ጽፈውታል። ልጁ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አንቆት፣ ሸራ በለበሰ ዳስ ውስጥ ቆሟል። አንደኛ ደረጃ፦ የሚሞክረው ሁሉ ይከብደዋል፤ የሙሽራዋን አክስት ስም ይረሳል። ሁለተኛ፦ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እስክስታው ከከበሮው ኋላ ይቀራል። ሦስተኛ፦ ዒላማ ይስታል፤ ለሙሽራው ያለው ጉርሻ ከረባት ላይ ያርፋል። አራተኛ፦ የሕይወት ነጥቡ ጣሪያ ይጋመሳል፤ ይህን ፊቱ ላይ ታየዋለህ። አምስተኛ፦ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺው ቢጠራው፣ ቢለምነው አይነሳም። ስድስተኛውን ዳስ ውስጥ አላየሁም። ከዚያ በፊት አንዲት ደግ ሴት ብርዝ ይዘው ይደርሳሉ።

መጽሐፉ ለሞቃት አየር በተፈጥሮው የተስማማ ፍጡር ዳይስ ሳይጥል ያልፋል ይላል። ይህ እንደተነበበ ቤቱ በቆለኛ ተሞላ። ማርቆስ ተወልዶ ማርቆስ ያደገ ልጅ «አያቴ እኮ የቻግኒ ሰው ናቸው» አለ።

ውሃውም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ጀግና በሙቀት ቀን ሁለት ጋሎን፣ 7.5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጄሪካን ለሦስት ሰው አትበቃም። ግማሹን ብቻ የጠጣ 15 መሙላት አለበት፤ አለዚያ ማታ አንድ ደረጃ ይዝላል። ከልጆቹ አንዱ ታዲያ ጀግናው ጾመኛ እንደሆነ አስመዘገበ። ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም።

«እንግዲያው በየሰዓቱ ጣል» አለው መሪው።

«ለምን? ቅሌ ሙሉ ነው። ሕጉ ውሃ የሌለው አለ እንጂ ያልጠጣ መች አለ?»

መጽሐፉ ተገለጠ። እውነቱን ነው። እንደ ዋሸራ ያለ የቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት አገር ልጅ ፊት ሕግ ስትጽፍ መጠንቀቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን 7.5 ሊትሩን ጅው አድርጎ ቀኑን በሰላም ዘጋ።

ቀጥሎ የቡድኑ ካህን በአንድ ድግምት ውሃ አፈለቀ። ድግምቱ አሥር ጋሎን ይሰጣል፤ ሁለት ጄሪካን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጣና አጠገብ ተቀምጠን ቧንቧ ለምንጠብቅ ሰዎች ከጨዋታው ዘንዶ ይልቅ ይህ ነው ተረት። ቢሆንም የጠጣ የለም።

«ጠበል ነው ወይስ ተራ ውሃ?» አለ አንዱ።

«ምን ለውጥ አለው?»

«ጠበል ከሆነማ በባዶ ሆድ ነው። እኛ በሶ በልተናል።»

መሪው ራሱን ያዘ። ይህን የሚዳኝ ገጽ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

በመጨረሻ ጠንቋዩ አዘነላቸው። ብርቱ ንፋስ የሚያስነሳ ድግምት ነበረው፤ 18 ሜትር ያህል ወደፊት የሚነፍስ። ወዳጆቹን ላቀዝቅዝ ብሎ ለቀቀው።

«ዝጋው!» አሉ ሁሉም ባንዴ። ባለ ጋቢው ከወንበሩ ተነሳ። «በላባችን ላይ! ወዳጅ መስለህ ልትገድለን ነው?»

ጠንቋዩ ጉዳት የለውም፣ ቢበዛ ይገፋችኋል እንጂ ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም። ጉዳቱ ይቆጠርልን አሉ። መሪው መጽሐፉን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጠ። የንፋስ ምች ስንት ነጥብ እንደሚቀንስ የተጻፈ ነገር አጣ።

እህቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ማነው ምች የመታው? ዳማ ከሴ ልቀጥፍ?»

«ሦስታችንን ነው፣ እትዬ» አለ ባለ ጋቢው።