ተነሡ፤ ወንበሩ አይሄድባችሁም

የጎጃም ሰዎች ሆይ፣ ስሙ! ጠዋት 2:30 ወንበር ላይ አርፋችሁ 6:30 የምትነሡ፣ ከምሳ በኋላ ያንኑ የምትደግሙ የቢሮ ሠራተኞች፤ ማሽን ላይ ጎብጣችሁ የምትውሉ ልብስ ሰፊዎች፤ መሪ ጨብጣችሁ ቀኑ የሚመሽባችሁ ሾፌሮችና ባለባጃጆች፤ ነገሩ እናንተን ይመለከታል። ወላጆቻችሁ የቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እናንተ ከቤት እስከ አስፋልቱ ላለችው መንገድ ባጃጅ ትጠራላችሁ። ባሕር ዳር እንደ መዳፍ ሜዳ ሆና ሳለ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ጎማው ተንፍሷል። ማታ ታዲያ «ቁጭ ብዬ ነው የዋልሁት፤ ወገቤን ምን ነካኝ?» ትላላችሁ። ቁጭ ብላችሁ መዋላችሁ ነዋ!

መቀመጥ ዕረፍት የሚሆነው ቆሞ ለዋለ ሰው ነው። የመቀመጫና የጭን ጡንቻዎች ከሰውነት ትልልቆቹ ናቸው። ሲንቀሳቀሱ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባሉ፤ ለዚህም ኢንሱሊን የሚባለው፣ ስኳርን ከደም የሚያስወጣው ሆርሞን እስኪያዛቸው አይጠብቁም። ተቀምጣችሁ ስትውሉ ግን ዝም ይላሉ፤ የበላችሁት እንጀራ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል፣ የደሙን ስብ የሚሰባብረው ኢንዛይምም ይዳከማል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም መንገዱ ወደ ስኳር በሽታ፣ ወደ ደም ግፊትና ወደ ልብ ሕመም ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል ማለት ይኸው ነው።

ባት ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። በደም መልሶቹ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ባታችሁ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን እየገፋ በእነዚያ በሮች ያሳልፈዋል። ባቱ ሥራ ከፈታ ደሙ ታች ይከማቻል። ማታ ጫማ የሚጠብባችሁ፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ ቀለበት የሚሠራው ለዚህ ነው።

«እኔ እሑድ እሑድ ኳስ እጫወታለሁ» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ግን ሂሳቡን ይወቀው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እያወሩ የሚሄዱት፣ እየዘፈኑ ግን የማይሄዱት ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ድምር ደግሞ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው በመቀመጡ የሚመጣበት ተጨማሪ የሞት አደጋ የሚጠፋው በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ሲንቀሳቀስ መሆኑን አሳይቷል። የእሑዷ ኳስ ብቻዋን እዚያ አታደርስም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄረሚ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደንን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችና ረዳቶች አወዳድሮ ነበር። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፤ ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፣ ረዳቱ ቲኬት እየቆረጠ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመሙ ሾፌሮቹ ላይ በዛ። ረዳታችሁ ላይ ስትጮኹ የምትውሉ ሾፌሮች ይህችን ልብ በሉ።

እንግዲህ በየ30 ደቂቃው ተነሡ። ስልካችሁ ለፌስቡክ ብቻ አልተሠራም፤ ደወል ሙሉበት። ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ተራመዱ፤ ቦታው ከጠበበ ጠረጴዛውን ይዛችሁ ተረከዛችሁን 20 ጊዜ አንሡና አውርዱ። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ በእግር ሂዱ። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የምትወስዱ ግን ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ 10 ጊዜ፣ አረፍ ብላችሁ ደግሞ 10። በዐቢይ ጾም የሚሰግዱ እናቶች ይህን ጡንቻ ያለ አሠልጣኝ ያሠሩታል። ቆሞ መዋልም መፍትሔ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም የእግርን ደም ሥር ይገትራል።

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መነሣት ነውር ይመስላችኋል። ውኃ ልቅዳ፣ ቆሎ ላዙር በሉና ተነሡ። ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ ሲዘልቅ ስኒ ማዳረሱን ለአንዲት ልጅ ብቻ አትተዉት።

ለወገብ ክፉው ዝቅተኛው በርጩማ ነው። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ ወገብ ይጎብጣል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከፊት ተጨፍልቆ ወደ ኋላ፣ ወደ ነርቩ ይገፋል። ልብስ ሰፊዎች፣ ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ በጥቂቱ ከፍ እንዲል ትራስ ጨምሩ፤ ወደ ማሽኑ ወንበሩን እንጂ አንገታችሁን አታስጠጉ። የቢሮ ሠራተኞች፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፤ በጉልበታችሁ ጀርባና በወንበሩ ጫፍ መካከል ሦስት ጣት ይግባ፤ ነጠላ ጠቅልላችሁ ከቀበቷችሁ ከፍ ብሎ ወገባችሁን ደግፉ። የኮምፒውተሩ የላይኛው ጠርዝ ዓይናችሁ ትይዩ እስኪደርስ አንድ ሁለት ደስታ ወረቀት ከሥሩ አስገቡ። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ እግር ከከዳ፣ ወይም ብልት አካባቢ ደንዝዞ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ያን ቀኑን ሆስፒታል ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ረጅም መንገድ ነው። ባሕር ዳር ተሳፍሮ በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀመጣል። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሽንት ይመጣብኛል ብላችሁ ውኃ መከልከላችሁ ደግሞ ደሙን ያወፍረዋል። ጠጡ፤ ሻንጣችሁን ከእግራችሁ ሥር አንሡ፤ በየግማሽ ሰዓቱ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች 30 ጊዜ መልሱ፤ መኪናው ደጀን ላይ ሲቆም ውረዱ። እርጉዞች፣ አራሶች፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የተደረጉና ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው ከመሳፈራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

ከመንገድ በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ባቱ ሞቆ ካመመ ወጌሻ ጋ አትውሰዱት። ወለምታ አይደለም። ከታሸ የረጋው ደም ተፈንቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዕለቱን ሆስፒታል አድርሱት፤ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይጀመርለታል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይሂድ።