መታወቂያ የማይጠይቅ ቤተ መጻሕፍት ለሐዋሳ ጎዳናዎች

በአገራችን መጽሐፍ ተውሶ ይዞ መውጣት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መታወቂያ፣ የታወቀ አድራሻ፣ እንደየቦታውም ተያዥ ወይም የመያዣ ገንዘብ ይጠየቃል። ቤትና ሥራ ላለው ሰው ይህ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ነዋሪ ሆኖ ለተመዘገበ ነው፣ ለመመዝገብ ደግሞ የቤት ቁጥር ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ማንም "አትግባ" ሳይለው ከንባብ ውጭ ሆኖ ይቀራል። ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ወገኖቻችን መጽሐፍ የሚያውስ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በከተማችን በቋሚነት ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሲኖርም መታወቂያ፣ ተያዥና የመመለሻ ቀን መጠየቅ የለበትም፤ የሚጠፋውንም መጽሐፍ ከመጀመሪያው እንደ ወጪ ሊቆጥረው ይገባል።

ሐሳቡ ለሐዋሳ እንግዳ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ከጀመሩ በኋላ፣ በአህያ የሚጎተተውን ተንቀሳቃሽ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ያስጀመሩት በዚችው ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ ስማቸውን ሲያነሳ ዓለም ያየው የሐዋሳን አህያ ጭምር ነው። ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ተብሎ የታሰበውን ዓይነት ደግሞ ሎራ ሞልተን የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ መጻሕፍት በብስክሌት ጭና ጀምራዋለች፤ "ስትሪት ቡክስ" የተባለው ይህ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከሚዋሰው ሰው መታወቂያም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ አይጠይቅም። እኛ የሁለቱን ልምድ ማገናኘት እንችላለን፤ ጋሪው ወደ ሰው የመሄድን፣ ብስክሌቱ ደግሞ ሰውን የማመንን መንገድ አሳይተዋልና።

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ መጻሕፍት በእጅ ጋሪ ጭነን ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ፣ አንዳንዴም እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ እየገፋን ስናውስ ቆይተናል። ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ሆኖ ያገኘነው ሰዓት ማክበር ነው። ስልክ የሌለውን ሰው "ዛሬ አንመጣም" ብሎ ማሳወቅ አይቻልም። ሊስትሮው ሣጥኑን ዘግቶ፣ ተሸካሚው የቀኑን ሸክም ጨርሶ የሚመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሆነ ጋሪው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ መገኘት አለበት። እነዚህ ሰዎች ቃል ገብቶላቸው የጠፋ ብዙ ሰው አይተዋል፤ ከቀረን እኛም ከእነዚያ ጋር እንቆጠራለን።

መዝገባችን ተራ ደብተር ነው። የምንጽፈው ሰውየው ራሱ የነገረንን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና አብዛኛውን ጊዜ የት እንደሚገኝ ብቻ ነው፤ "ከፋርማሲው በረንዳ"፣ "ከባጃጅ ተራው ዛፍ ሥር" እያልን። የቅጽል ስም የሚሰጡን አሉ፣ በየጊዜው የተለያየ ስም የሚሰጡንም አሉ፤ ምክንያቱን አንጠይቅም። መጽሐፉን ከማዋሳችን በፊት በወፍራም ላስቲክ እንለብጠዋለን፤ በሌሊት ዝናብ ሲወርድ ሰው ካርቶኑንና ብርድ ልብሱን አፍሶ ሲሮጥ መጽሐፉ ከመሬት ሊቀር ይችላልና። በአንድ ክረምት መባቻ አንድ ታዳጊ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ልብ ወለድ ይዞ መጣ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ፀሐይ ላይ አድርቋቸዋል፣ የተገነጠለውን ሽፋንም በመርፌና ክር ሰፍቶታል። "ጋሼ፣ የማይነበበው ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው" አለኝ፤ የትኞቹ ገጾች እንደሆኑም ቀጣዩ አንባቢ እንዲያውቅ በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸው ነበር። ማንም ሳያዘው አንድ መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው ብሎ የሚጠግን ልጅ ተያዥ ያስፈልገዋል የሚለኝ ቢኖር ልስማማ አልችልም።

የሚጠይቁን መጻሕፍት ዓይነት ከሚገመተው ይሰፋል። መንፈሳዊ መጻሕፍትና የፍቅር ልብ ወለዶች ሁልጊዜ ይፈለጋሉ፤ ታሪክም እንዲሁ። ከሁሉ ቶሎ የሚያልቅብን ግን የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃ ነው። የታክሲ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ወጣት የመንገድ ምልክቶችን አጥንቶ አንድ ቀን መሪ መጨበጥ ይመኛል፤ መጽሐፉን መግዛት አይችልም፣ ቢገዛም ማስቀመጫ የለውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ችግር ደግሞ አለ። ሐዋሳ ጎዳና ላይ ከምናገኛቸው ልጆች ብዙዎቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች የመጡ ናቸው። ሲዳምኛም ሆነ ወላይትኛ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጥርቶ እያነበበ በአማርኛ ፊደል ግን ሊደናቀፍ ይችላል። የአማርኛ መጽሐፍ ስናሳየው "ማንበብ አልችልም" ይላል፤ እኛም መሀይም ነው ብለን እናልፈዋለን። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ እንደነበር ስናስታውስ፣ ዛሬ በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሚንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት በአማርኛ ብቻ መቅረቱ ተገቢ አይሆንም። በእነዚህ ቋንቋዎች ከመማሪያና ከመንፈሳዊ መጻሕፍት አልፎ ብዙ ስለማይገኝ፣ የተረት መጻሕፍት ያላቸው መምህራንና ደራሲዎች ቢያካፍሉን ታላቅ ውለታ ይሆንልናል።

በዚያው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የለዩ አረጋውያን ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለባቸው። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ የቅርብ ነገር የማየት አቅም መዳከሙ ተፈጥሯዊ ነው፤ መነጽር ለመግዛት የማይችል ሰው ማንበብ የሚያቆመው ስለሰለቸው አይደለም። ስለዚህ ከመጻሕፍቱ ጎን የተለያየ ቁጥር ያላቸው የንባብ መነጽሮች መያዝ አለባቸው። ጭራሽ ፊደል ላልቆጠሩትም ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ከጋሪው ጋር ሊኖር ይገባል። ቆሎ የምትሸጥ፣ ከትንሽ ልጇ ጋር በረንዳ የምታድር አንዲት እናት ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ብቻ መርጣ ትወስዳለች፤ ከሥዕሉ ተነስታ የራሷን ተረት ለልጇ ትነግረዋለች፤ በየጊዜው ታሪኩ ስለሚለዋወጥ ልጁ "ትናንት እንዲህ አላልሽም" እያለ ያርማታል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ተቃውሞ "እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ዳቦ እንጂ መጽሐፍ አይደለም" የሚል ነው። ለተራበ ሰው ዳቦ እንደሚቀድም ማንም አያጣውም፤ ከሆቴል የሚወጣ ቡሌ ለማግኘት የሚሰለፉትን ልጆች በየምሽቱ እናያቸዋለን። ነገር ግን ዳቦ የሚሰጥ ሰው መጽሐፍ ከሚያውስ ጋር የሚሻማው ነገር የለም፣ ሁለቱንም የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ምጽዋት ሲቀበል ከአመሰግናለሁ በቀር የሚጠበቅበት የለም። መጽሐፍ ሲዋስ ግን አስተያየቱ ይጠየቃል፤ ወደደው? የትኛው ሰው አናደደው? ቀጥሎ ምን ይፈልጋል? ይመልሳል ተብሎም ይታመናል። ቀኑን ሙሉ "ከዚህ ተነስ" ሲባል ለዋለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጻሕፍት ይጠፋሉ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። የሚሸጥ አለ፣ የቆሎ መጠቅለያ የሚሆን አለ፣ ሌሊት የሚሰረቅ አለ፤ በአፈሳ ጊዜ ባለቤቱ ሲወሰድ በረንዳ ላይ የሚቀርም አለ። ለዚህ መፍትሔው ደንብ ማጥበቅ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ደንቡ ሲጠብቅ ግን የሚቀሩት የጠፋባቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ሊጠፋብኝ ይችላል ብለው የሚፈሩት ጠንቃቆችም ይቀራሉ። አንድ መጽሐፍ ያጠፋ ሰው ዕዳ እንደሌለበት ካላወቀ ጋሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ እኛም መጽሐፉንም አንባቢውንም እናጣለን።

ሥራው በጎ ፈቃድ ብቻ ይዞ ሩቅ አይሄድም። ከከተማው አስተዳደር የምንፈልገው አነስተኛ ነገር ነው፦ ጋሪው የጎዳና ላይ ንግድ ተብሎ በደንብ አስከባሪዎች እንዳይነሳ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከአንድ በላይ ቅጂ ካላቸው መጻሕፍት የተወሰኑትን እንዲለቅ መመሪያ። መጽሐፍ ለመስጠት የምታስቡ ሁሉ፣ በ2015 ሥርዓተ ትምህርቱ ከመቀየሩ በፊት የታተሙ መማሪያዎችንና ከባድ ሽፋን ያላቸውን ጥራዞች ትታችሁ በኪስና በጃኬት የሚያዙትን ስጡን። መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ወይም መጋዘን ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ ለጋሪው ዝናብ የማይገባበት ማደሪያ ብትፈቅዱልን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል።