ፊርማው አይመሳሰልም፦ ይድረስ ለመኪናዬ ቁልፍ ቀዳዳ

ለክቡር የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ቀዳዳ
ከመሪው በስተቀኝ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አልዞርም ማለትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ እምቢታ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትሪው ደህና ነው። ሞተሪኖው ደህና ነው። ካንዴላዎቹን ባለፈው ወር ቀይሬያለሁ፤ እነሱም ሰላም ብለዋል። መኪናዋ ለመሄድ ተሰናድታ የምትጠብቀው እርስዎን ብቻ ነው።

«እርስዎ» የምልዎት በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንዳይመስልዎት። በጥቂት ዓመት ታናሼ ነዎት። ግን በእኛ አገር ደጅ የሚያስጠና ሁሉ «እርስዎ» ነው የሚባለው። እርስዎ ደግሞ የዛሬ ወር ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሃያ ደቂቃ አስጠንተውኛል።

ያን ማክሰኞ መቼም አይረሱትም። ከጠዋቱ 1፡30 ነው። የልጄ ትምህርት ቤት በሩን 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቁልፉን አስገባሁ። ገባ። አዞርኩ። አልዞረም። አውጥቼ እፍ አልኩበት፣ በሱሪዬ ጠረግኩት፣ መልሼ ከተትኩት። ንቅንቅ የለም። ገልብጬ ሞከርኩ። በቀስታ ሞከርኩ። በልመና ሞከርኩ። በጉልበት ልሞክር ስል ቁልፉ አንገቱ ላይ ቅልስ ያለ መሰለኝና ደንግጬ ተውኩት። ልጄ ከኋላ ሆና፣ «አባዬ፣ ፓስወርዱ ጠፋብህ?» አለችኝ።

ሰው ተሰበሰበ። በእኛ ሰፈር መኪናው እምቢ ያለው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ለቅሶ ቤት እንደመድረስ ነው። አንዱ ዘይት ጠብ አድርግበት አለኝ። አንዱ በድንጋይ መታ መታ አድርገው አለ። የግቢያችን ዘበኛ ምንም አላሉም፤ ፊታቸው ግን «ዓይን ነው» ይላል። ያዳኑኝ ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድረው የሚሸጡት እማማ ናቸው። ከጉልታቸው ሳይነሱ፣ «አንተ ልጅ፣ ቁልፉን ምን አስጨነቀህ? መሪውን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዝክ አዙረው እንጂ!» አሉኝ። አወዛወዝኩ። ቀጭ! ዞረ። ለካ ባለቤታቸው ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል።

ማታ ሳቆማት የፊት ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር አስደግፌ ነበር የገባሁት። ቁልፍ ሲወጣ መሪውን የሚይዝ ብረት አለ። ያ ብረት ጎማው እየገፋው ተወጥሮ አደረ። መሪውን ነካ አድርገው ጫናውን ካላቀለሉለት ቁልፉ ብቻውን አይችለውም። ይህን ሳውቅ አፈርኩ። ሰው አለጥፋቱ ሰድቤያለሁ ብዬ ዙሪያዎን በጨርቅ ወለወልኩልዎት።

ረቡዕ መሪውን አወዛወዝኩ። አልዞሩም። ይቅርታዬን መልሼ ወሰድኩ።

ሐሙስ የሠራሁትን አልደብቅም። የመጀመሪያውን መካሪ ሰምቼ የሞተር ዘይት ጠብ አደረግኩብዎት። እውነቱን ለመናገር አራት ቀን ማር ሆኑ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። በአምስተኛው ቀን ግን ዘይቱ የመንገዱን አቧራ ጠርቶ ጠርቶ ውስጥዎ ጭቃ አቡክቷል። ቁልፉ ሲወጣ ከተልባ ድስት የወጣ ማንኪያ መሰለ። ከዚያ ወዲያ መግባትም በስንት መከራ ሆነ።

ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሄድኩ። ጃንጥላ ሥር ማሽኑን ተክሎ የሚሠራ ልጅ ነው። ቁልፌን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳው። ጥርሶቹ እንደ ወንዝ ድንጋይ ድቡልቡል ብለዋል። ልጁ እኔን አየ፣ ቁልፉን አየ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ቁልፍ አይደለም። የቁልፍ ትዝታ ነው» አለኝ።

ከምን እንደተቀረጸ ጠየቀኝ። ከአሮጌው ቁልፌ። አሮጌውስ? ከሌላ አሮጌ። ያስ? እሱን እንኳ አላውቅም፤ መኪናዋን ስገዛ የተሰጠኝ ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ የፊተኛውን ጥርስ እየተከተለ ነው የሚቆርጠው። የተበላውን እንደተበላ፣ ያረጀውን እንዳረጀ ይገለብጠዋል። የራሱንም ስህተት ትንሽ ይጨምርበታል። ስለዚህ እኔ ይዤ የምዞረው የግልባጭ ግልባጭ ነው። መኪናዋ አዲስ ስትሸጥ ከቁልፉ ጋር ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ብረት ብጤ ትሰጣለች። በዚያ ቁጥር ከተቀረጸ ቁልፉ ከፋብሪካ እንደወጣው ይሆናል፤ ያረጀ ጥርስ አይከተልም። ያቺ ብረት ግን እኔ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ስንት ባለቤት እጅ ላይ ጠፍታለች።

ስለ ውስጥዎም ነገረኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ለካ ኮሚቴ ነዎት። እንደ ጥፍር የሳሱ የናስ ቁርጥራጮች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ትንሽ ሞላ ትገፋቸዋለች። የቁልፉ ጥርስ ገብቶ ሁሉንም በልካቸው ሲያስቀምጣቸው ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ሲሊንደሩም ይዞራል። ከመሃላቸው አንዱ የፀጉር ያህል ካፈነገጠ አለቀ። በድምፅ ብልጫ የሚባል ነገር የለም። እኔ በየጠዋቱ የማቀርበው ማመልከቻ ጥርሱ ስላለቀ «ፊርማው አይመሳሰልም» ተብሎ ይመለሳል። አባላቱም ቢሆኑ ጠርዛቸው ተበልቷል። ገሚሶቹ እኔው ባቦካሁት ጭቃ ተለስነው ተኝተዋል። «እርጅና ብቻህን ና» ይባል ነበር። እናንተ ግን ተጠራርታችሁ መጣችሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ሥልጣን ጥንት የእርስዎ አልነበረም። ድሮ ቁልፍ ኤሌክትሪኩን ይከፍታል እንጂ ሞተሩን የሚያስነሳው ለብቻው የሚጫኑት ሌላ ማስነሻ ነበር። ሁለቱን በአንድ ቀዳዳ ጠቅልሎ ቁልፍ በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሳትን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር ነው። መሪ መቆለፍም በኋላ ተጨመረልዎት። ሥልጣን ሲጠቀለል ምን እንደሚከተል ለእኛ አገር ሰው አይነገርም።

ልጁ፣ «ብዙም ያልተሠራበት ሁለተኛ ቁልፍ የለህም?» ሲለኝ መኪናዋን የሸጡልኝ ጡረተኛ ትዝ አሉኝ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያኔ ሁለተኛ ቁልፍ ነበራት እንዴ?»

«አለ እንጂ! ሸጬልህ ከሄድክ በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ይመጣል ብዬ ስጠብቅህ ይኸው 9 ዓመት።»

ዘጠኝ ዓመት! ለዘበኛ እየከፈልኩ፣ በር እየቆለፍኩ፣ የመኪናዬ ቁልፍ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላና ከጋቢ ጋር ተጣጥፎ ነበር። ሄጄ ቡናቸውን ጠጥቼ ተቀበልኩ። ቁልፉ ጥርሱ እንደ አዲስ ምላጭ ነው። እርስዎም ሲያዩት የድሮ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ወዲያው ተከፈቱ። በእኔ ላይ ያን ያህል የኮሩት ሰውዬ! ከእሱ ላይ ሁለት አስቀረጽኩና እሱን ራሱን አስቀመጥኩት። ከአሥር ስምንቴ መዞር ጀመሩ።

ሁለቴው ግን አናደደኝ። ደግሞም አፌን ሞልቼ እንዳልከስዎት አንድ ነገር ያሳፍረኛል። የቁልፍ መያዣዬ።

አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የቤት፣ የውጭ በር፣ የቢሮ መሳቢያ፣ የእናቴ ቤት፣ እናቴ የቀየረችው የድሮ በር፣ የተሰረቀ ብስክሌት ሰንሰለት ቁልፍ። ብስክሌቱ ከሄደ ቆየ፤ ቁልፉ ግን ታማኝ ነው። የጠርሙስ መክፈቻ አለ። ጥፍር መቁረጫ አለ። የምን እንደሆነ የማላውቀው ቁልፍም አለ፤ ሰው ብጠይቅ የሚያውቀው አጣሁ፤ ልጥለው ደግሞ ፈራሁ። ይህ ሁሉ ከእርስዎ አፍ ተንጠልጥሎ፣ በኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ፣ በየጉድጓዱ ሲጎትትዎት ኖሯል። እኔ በአፌ ያን ያህል ክብደት አንጠልጥዬ ብውል አንድ ጥርስ አይተርፈኝም ነበር።

ይህ ነገር ለቀልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላው የአሜሪካ መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በማስነሻ ጉድለት የተነሳ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለጥገና ጠርቷል። ማስነሻው ልል ስለነበር በከባድ የቁልፍ መያዣ ወይም በመንገድ ንውጽውጽታ ቁልፉ እየነዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሞተር ይጠፋል፣ መሪ ይከብዳል፣ ኤርባግም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይከፈትም። ካሣ እንዲከፍል የተቋቋመው ፈንድ የ124 ሰዎች ሞት ከዚህ ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ተቀብሏል። ጥገናው እስኪደርስ ለባለ መኪኖቹ የተነገራቸው ምክር ሌላውን ሁሉ አውጥታችሁ በቁልፉ ብቻ ንዱ የሚል ነበር። የእነዚያ በሽታ ሳይጠሩ መዞር ነው። የእርስዎ ተለምነው አለመዞር። ሳስበው የእርስዎ ይሻላል። ያን ሌሊት መያዣውን ፈታሁና መኪናዋን ብቻዋን ለየሁላት።

ሁለቴዋን ግን አልተውኩም። አስነቅልዎታለሁ ብዬ ወደ ጋራዥ ነዳሁ። መካኒኩ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «አሁን ይዞራል?» ነበር። አልፎ አልፎ አልኩት። «ጎበዝ፣ ሳይዘጋ መጣህ» አለኝ። ለካ እርስዎን ከቦታዎ ለማውጣት ቁልፉን አንድ ደረጃ ማዞር ያስፈልጋል። ሹሙን ለማንሳት የሹሙ ፊርማ! ጨርሶ እምቢ ካሉ በመሰርሰሪያ በስቶ ማውጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ለእርስዎም ለኪሴም ጥሩ አይደለም።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀለ። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ በካቻቪቴ ፈታ። ቁልፉን ኤሲሲ በሚባለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረገ። በቀጭን ሽቦ አንዲት ቀዳዳ ውስጥ ጫን ሲል እንደ ወተት ጥርስ ሸርተት ብለው ወጡ። ጋዜጣ ላይ ሲያስቀምጥዎት አየሁ። አውራ ጣቴን አያህሉም። ይህ ነው ሃያ ደቂቃ ያስለመነኝ?

ይዤዎት ወደ ቁልፍ ቀራጩ ተመለስኩ። ቤንዚን ውስጥ ነከረዎት። ከውስጥዎ የወጣው ውሃ ሦስተኛ የቡና አተላ ነው። ከናሶቹ የአንዱን ጠርዝ በደቃቅ ሞረድ ዳበስ አደረገው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ እነዚህን ሁለቱን ላውጣቸው? በቅቤ ነው የሚዞርልህ» አለኝ።

አሰብኩበት። ኮሚቴ ሲቀንስ የማይደሰት ማን አለ? ነገር ግን አባላቱ ባነሱ ቁጥር የማንም ቁልፍ፣ ሲብስም የማንም ካቻቪቴ ያዞርዎታል። ጭራሽ ቀዳዳ አልባ የሆኑ ሚኒባሶች ተሳፍሬያለሁ። ሾፌሩ ሁለት ሽቦ ያጋጫል፣ ብልጭ ይላል፣ ሞተሩ ይነሳል። እሱ ማስነሳት ሳይሆን መፈንቅለ መንግሥት ነው። ተዋቸው፣ ሁሉም ይቀመጡ አልኩት። ይህን ውለታዬን ፋይልዎ ውስጥ ያስገቡልኝ።

ዘይት ከእንግዲህ የለም። ልጁ እንደመከረኝ የልጄን እርሳስ ወስጄ የሹሉን ጥቁር ዱቄት ፍቄ፣ ቁልፉ ላይ ነስንሼ፣ አሥር ጊዜ አስገብቼ አወጣሁ። ደረቅ ስለሆነ ያሸራትታል እንጂ አቧራ አይጠራም። ልጄ እርሳሷን ፈልጋ ስታጣ እውነቱን ነገርኳት። «እኔንም አርፍዶብኝ እርሳሴንም በላ?» አለች። መልስ የለኝም። እርስዎ ካልዎት ይላኩላት።

ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በሰፈራችን እየበዙ ነው። ቁልፍ የለ፣ ቀዳዳ የለ። ጣቱን ይሰድዳል፣ ትነሳለች። እኔ እርሳስ ስፍቅ አጥር ላይ ተደግፎ ያየኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የሪሞቱ ባትሪ አልቆ ከመኪናው ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ሰላም ብዬው አለፍኩ። መሪውን ወዝወዝ አድርገው ልለው አምሮኝ ነበር፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

ይኸው ሳምንት ሆነዎት። እስካሁን በአንድ ሙከራ እየዞሩ ነው። ምስጋና ግን አልጽፍልዎትም። ባለፈው ሳመሰግንዎት አራት ቀን ነው የቆዩት።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ አለበት)
ባለ መኪናው

ግልባጭ፦
ለእማማ፣ ከነጉልታቸው
ለጋሼ፣ ቁም ሳጥኑን አንዴ ደግመው እንዲፈትሹልኝ
ለኋላ ዕቃ መጫኛው ቁልፍ ቀዳዳ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መግደርደርዎ ስለታየ እንዲያውቁት